ቡጢውን ተዉት፣ የጓዳውን ልንገራችሁ

«ሪሰሬክቲንግ ዘ ቻምፕ» የቦክስ ፊልም ነው ያላችሁ ካለ አትስሙት። በእኔና በእናንተ መካከል ይቅር እንጂ፣ ቡጢው ሽፋን ነው፤ ውስጡ የጋዜጣ ቤት ጉድ ነው።

ፊልሙ የወጣው በ2007 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ጆሽ ሃርትኔት ኤሪክ የሚባል የዴንቨር የስፖርት ዘጋቢ ሆኖ ይሠራል። አለቃው አለን አልዳ ጽሑፉን አንብቦት እንኳ ትዝ አይለውም። ይህን ጊዜ ሳሙኤል ኤል ጃክሰን በዚያች ቀጭን ሻካራ ድምፅ ይመጣል፤ «የቀድሞው ቦክሰኛ ቦብ ሳተርፊልድ ነኝ» የሚል ጎዳና ተዳዳሪ። ኤሪክ ያምነዋል፣ ይጽፋል፣ ስሙ ይናኛል። ከዚያ ሰውየው ሌላ ሆኖ ይገኛል፤ የሟቹ የሳተርፊልድ ልጅም ክስ ይመሠርታል።

አሁን ጠጋ በሉ። «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የተባለው ታሪክ እንዲህ አልነበረም። ፊልሙ የተነሣበትን ጽሑፍ ጋዜጠኛው ጄ. አር. ሞሪንገር በ1997 በሎስ አንጀለስ ታይምስ መጽሔት የጻፈው ስለ ካሊፎርኒያዋ የሳንታ አና ጎዳና ተዳዳሪ ነው። እሱም መጀመሪያ ሰውየውን አምኖት ነበር። ነገር ግን ሳተርፊልድ በ1977 መሞቱን፣ ሰውየውም ቶሚ ሃሪሰን የሚባል ሌላ ቦክሰኛ መሆኑን የደረሰበት ጽሑፉ ሳይታተም ነው። መታለሉን ራሱን ታሪክ አደረገው። ፊልሙ ግን ማጣራቱን ከኅትመት በኋላ አመጣው። ስልክ መደወልና መዝገብ ማገላበጥ ለካሜራ አይመችማ! ስለ ሐቀኝነት የሚሰብከው ፊልም፣ የሙያውን ሐቀኛ ክፍል ቆርጦ ጣለው ማለት ነው። ያም ሆኖ አንድ ነገር በትክክል ይዟል፦ የሚጣፍጥ ታሪክ ሲመጣ በዜና ክፍል ውስጥ «ማን አረጋገጠ?» የሚለው ጥያቄ ይቀዘቅዛል።

የቤተሰቡ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የኤሪክ አባት ስመ ጥር የቦክስ ሬዲዮ አስተላላፊ ነበር። ሞሪንገርም ሳያሳድገው የሄደውን አባቱን የሚያውቀው በሬዲዮ ድምፁ እንደነበር በ2005 ባወጣው ግለ ታሪኩ ጽፏል። ዳይሬክተሩ ሮድ ሉሪ ራሱ የቀድሞ የፊልም ሐያሲና የሬዲዮ ሰው ነው፤ አባቱ ራናን ሉሪ የታወቁ የጋዜጣ ካርቱን ሠሪ ነበሩ። አጋጣሚ ነው የሚል ይበል። እኔ ኤሪክ ለትንሹ ልጁ ስለ አሜሪካ ፉትቦል ኮከቡ «ጆን ኤልዌይ ጓደኛዬ ነው» ብሎ የሚዋሽበትን ቦታ ከቦክሱ ሁሉ አስበልጣለሁ። ኤልዌይ ራሱ ብቅ ሲል የአባትየውን ፊት እዩት።

ሞሪንገር ኋላ ምን ሠራ መሰላችሁ? ከአንድሬ አጋሲ «ኦፕን» (2009) እና ከልዑል ሃሪ «ስፔር» (2023) ጀርባ ያለው ብዕር የእሱ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ግን ስሙ የለም። በሰው ስም የኖረውን ቦክሰኛ የደረሰበት ጸሐፊ፣ በሰው ስም «እኔ» እያለ መጻፍን እንጀራው አደረገው። ልዩነቱ፣ የእሱ ባለስሞች ያውቃሉ።