የማሪዮ ዝላይና የተገለበጠው ገበታ

የፊዚክስ ቤተ ሙከራችን በየዓመቱ የሚያስተናግደው አንድ የታወቀ ስሕተት አለ። ተማሪዎቻችን ፔንዱለም ወዲያና ወዲህ ለመመላለስ የሚፈጅበትን ጊዜ ሲለኩ የክሩን ርዝመትና የተንጠለጠለውን ክብደት በአንድነት ይለውጣሉ። ጊዜው መለወጡን ያያሉ፤ ለውጡን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ሲጠየቁ ግን መልስ ያጣሉ። ይህን ስሕተት ሰሞኑን ያስታወሰን ከፊዚክስ ራቅ ያለ የሚመስል ጥያቄ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የቪዲዮ ጨዋታ ሲነድፍ የኖረ አንጋፋ ባለሙያ ዘወትር አዲስ ነገር መሞከሩ ሥራውን ያበለጽገዋል ወይስ ያበላሸዋል?

ለዚህ ጥያቄ ከጃፓናዊው ሺጌሩ ሚያሞቶ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። እ.ኤ.አ. በ1952 የተወለደው ሚያሞቶ የኢንዱስትሪ ንድፍ ተምሮ በ1977 በኒንቴንዶ ኩባንያ ተቀጠረ። በ1981 ዶንኪ ኮንግን፣ በ1985 ደግሞ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስን ለዓለም አበረከተ።

ውድ አንባብያን፣ እስቲ የማሪዮን ዝላይ በፊዚክስ ዓይን እንመልከተው። እኛ ከመሬት ከተነሣን በኋላ የምንደርስበትን ከፍታ የሚወስኑት የመነሻ ፍጥነታችንና የመሬት ስበት ናቸው፤ አየር ላይ ሆነን ሐሳባችንን ብንለውጥ ዋጋ የለውም። ማሪዮ ግን ወደ ላይ በሚወጣበት ጊዜ ተጫዋቹ ቁልፉን ተጭኖ ከቆየ ስበቱ ይቀልለታል፤ ጣት ሲነሣ ስበቱ ይበረታል፣ ዝላዩም ያጥራል። የኒውተንን ሕግ የተማረ ሰው “ይህማ ስሕተት ነው” ቢል አንፈርድበትም። ሆኖም ለጣት የሚጥመው ይኸው ስሕተት ነው። የስበቱ ልክ ስንት ቢሆን እንደሚጥም ከቀመር አይወጣም፤ ደጋግሞ በመሞከር ብቻ ይገኛል።

ሱፐር ማሪዮ 64 (1996) ሲሠራም የሆነው ይህ ነው። ጨዋታው ማሪዮን ለመጀመሪያ ጊዜ በሦስት አውታረ መጠን አስሮጠው። ተራራውና ቤተ መንግሥቱ ከመታነጻቸው በፊት ግን ማሪዮ በአንዲት ባዶ ስፍራ ጥንቸል እንዲያሳድድ ተደረገ። የሚፈተነው ሩጫው ብቻ ነበር።

ይሁንና የሙከራ ፍቅር ዋጋ ያስከፍላል። በኒንቴንዶ ሠራተኞች ዘንድ “ቻቡዳይ ጋኤሺ” የሚባል አነጋገር አለ፤ የተቆጣ አባወራ ምግብ የቀረበበትን አጭር ጠረጴዛ ሲገለብጥ ማለት ነው። በእኛ አገር ቢሆን የቀረበ መሶብ እንደ መድፋት ነው! ሚያሞቶ ሊጠናቀቅ የተቃረበን ሥራ እንደ አዲስ እንዲታሰብ ማዘዙን ለመግለጽ ይጠቀሙበታል፤ የዜልዳ ጨዋታዎች አዘጋጅ ኤይጂ አኦኑማም በአደባባይ አውስቶታል። ለወራት የደከመበትን ሥራ ለሚያጣው ወጣት ፕሮግራም ጸሐፊ ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ መገመት አያዳግትም።

ከሁሉ የሚያከራክረው ግን በ2016 የወጣው ስታር ፎክስ ዜሮ ነው። ዊ ዩ የተባለው ኮንሶል በመቆጣጠሪያው ላይ ሁለተኛ ስክሪን ነበረው። ሚያሞቶ የዚህን ስክሪን ጥቅም የሚያሳዩ ሙከራዎችን በ2014 አቅርቦ ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ፣ የግዙፍ ሮቦት ጨዋታ፣ ለገበያ ሳይቀርብ ቀረ። በስታር ፎክስ ዜሮ ቴሌቪዥኑ የጦር አውሮፕላኗን ከኋላ፣ የእጅ ስክሪኑ ደግሞ ከአብራሪው ወንበር ያሳያል። ዒላማው የሚስተካከለው መቆጣጠሪያውን በማዘንበል ነው፤ በውስጡ ያለው ጋይሮስኮፕ እንቅስቃሴውን ይለካል። ተጫዋቹ ታዲያ ሲስት ያሳተው ዓይኑ ይሁን እጁ እንዴት ይለየው? የተማሪዎቻችን ፔንዱለም እንደገና መጣ ማለት ነው። ብዙ ገምጋሚዎችም በአያያዙ ክፉኛ ተማረሩ።

በእኛ አስተያየት ልዩነቱ በንድፍ ባለሙያው ዕድሜም ሆነ በሙከራው ብዛት አይደለም። በ1996 “ምን ይጥማል?” ተብሎ ተጠየቀ፤ በ2016 ግን መልሱ፣ ማለትም ሁለተኛው ስክሪን፣ አስቀድሞ ተሰጥቶ ጥያቄ ይፈለግለት ነበር። ሌላም አደጋ አለ። አንድን መቆጣጠሪያ ለዓመታት የያዘ እጅ ከነጉድለቱ ይለምደዋል፤ ስለዚህ እንደ ተዛባ ሚዛን ይሆናል። የሚገርመው፣ መድኃኒቱን የምናገኘው ከራሱ ከሚያሞቶ ነው። በ2015 ያረፈው የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት ሳቶሩ ኢዋታ እንዳወሳው፣ ሚያሞቶ ጨዋታውን የማያውቅ ሠራተኛ ጠርቶ ምንም ሳያስረዳ መቆጣጠሪያውን ያስይዘውና ከትከሻው በስተኋላ ቆሞ በዝምታ ይመለከተው ነበር።

ዊ ዩ በዓለም ዙሪያ የተሸጠው ወደ 13.5 ሚሊዮን ገደማ ነው። በመጋቢት 2017 የተተካው ስዊች አንድ ስክሪን ብቻ ይዞ መጣ።