«ክንድ ሽጎጣ»፦ ለአንድ የትግል አያያዝ የአማርኛ ስያሜ ፍለጋ

1. መነሻ

የስፖርት ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ በስሞች ላይ ያተኩራል፤ ለሜዳው፣ ለመሣሪያውና ለዳኛው ስያሜ ከተገኘ ሥራው የተጠናቀቀ ይመስላል። ትግልን በመሰለ ስፖርት ግን የሚያስቸግረው የነገር ስም ሳይሆን የድርጊት ቃል ነው። ክንድ በክንድ ላይ ይለፍ ወይስ በብብት ሥር ይግባ የሚለው ልዩነት በአሠልጣኙ አንደበት ካልተለየ፣ ጉዳቱ በተማሪው ትከሻ ላይ ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ በብራዚል ጁ ጂትሱ የታወቀውን አንድ አያያዝ ምሳሌ በማድረግ፣ ስያሜ የሚመረጥበትን መንገድ ለማሳየት እንሞክራለን።

ስፖርቱ ከጃፓን የመነጨ ነው። «ጁ» ገርነትን፣ «ጂትሱ» ጥበብን ያመለክታል። ጂጎሮ ካኖ ከጥንቱ ጁ ጂትሱ ጁዶን አውጥቶ ትምህርት ቤቱን በ1882 እ.ኤ.አ. አቋቋመ፤ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣው ሚትሱዮ ማኤዳ በ1914 እ.ኤ.አ. ብራዚል ገብቶ ጥበቡን አስተማረ፤ ከደቀ መዛሙርቱም አንዱ ካርሎስ ግሬሲ ነበር። ተርጓሚው እዚህ ላይ የዘመን አቆጣጠሩን ልብ ይበል፤ በእኛ አቆጣጠር 1882 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ የጫኑበት ዓመት ሲሆን፣ የጁዶ ትምህርት ቤት የተቋቋመው ግን በ1874 ዓ.ም. ነው።

2. በቋንቋችን ያለው ሀብት

«ትግል» የሚለው ቃል በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የፖለቲካ ጽሑፎች እጅግ ከመዘውተሩ የተነሣ፣ «የመደብ ትግል» እና «የትጥቅ ትግል» የመጀመሪያ ፍቺው እስኪመስሉ ደርሰዋል። መሠረቱ ግን አካል ለአካል መያያዝ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 32 የያዕቆብ ታሪክ የተተረጐመው በዚሁ ግስ ነው፤ በዚያው ምንባብ የምናገኘው «ሹልዳ» የሚለው የአካል ስምም ለትግል ቃላት አዘጋጅ የሚጠቅም ነው።

የሕዝቡ አንደበትም ሌላው ምንጭ ነው። በበዓል ቀን ከእንጦጦ ማርያም አጠገብ ልጆች ሲታገሉ ያዳመጠ ሰው «ጠልፎ ጣለው»፣ «ወገቡን ያዘው»፣ «አነቀው» ሲባል ይሰማል። ከዚያው ተራራ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ለብዙ ዘመን ሲያወርዱ የኖሩ ሴቶችም ሸክማቸውን የሚያስሩት «ጠፍረው» ነው። ያዘ፣ ጨበጠ፣ አቀፈ፣ ጠፈረ፣ ቆለፈ፣ አነቀ፣ ወሸቀ፣ ሸጎጠ፦ እነዚህ ሁሉ መያዝን ያመለክታሉ፤ ግን አንዱ በሌላው ሊተካ አይችልም። ስለዚህ ችግራችን የቃል እጥረት ሳይሆን የምርጫ ጉዳይ ነው።

3. ጽንሰ ሐሳቡ

ተማሪው በጀርባው ተኝቷል፤ ተጋጣሚው በእግሮቹ መካከል ተንበርክኳል። ተማሪው ተጋጣሚውን በእግሮቹ ወደ ራሱ ይስባል፤ የራሱን ክንድ ከውጭ በኩል በተጋጣሚው ክንድ ላይ አሳልፎ ከክርኑ በላይ ይጠመጥማል፤ የተያዘውንም ክንድ በገዛ ብብቱ ሥር አጥብቆ ያስቀራል። መዳፉ በወዲያኛው በኩል ወጥቶ የተጋጣሚውን ወይም የራሱን የልብስ ኮሌታ ይጨብጣል። የዚህ ተቃራኒ የሆነው አያያዝ ክንድን በተጋጣሚው ብብት ሥር ማስገባት ነው።

4. የታሰቡት ስያሜዎች

ሀ) «የላይ መንጠቆ»። ይህ የእንግሊዝኛውን ቃል በቁሙ የመለሰ ነው። መንጠቆ ዓሣ የሚጠመድበት፣ ወግቶ የሚይዝ ነገር ነው፤ እዚህ ያለው ድርጊት ግን መጠምጠምና ማጥበቅ ነው።

ለ) «የላይ እጅ»። በጃፓን የሱሞ ትግል «ኡዋቴ» እና «ሺታቴ» የተባሉት አያያዞች በቁማቸው የላይ እጅና የታች እጅ ማለት ናቸው። ለቆሙ ታጋዮች ይህ አያሻማም። በምድር ላይ በሚካሄድ ትግል ግን አያያዙን የሚጠቀመው ብዙ ጊዜ ከታች የተኛው ሰው ስለሆነ፣ «ላይ» እና «ታች» የሚሉት ቃላት የሰውዬውን ወይስ የክንዱን ቦታ እንደሚናገሩ አይታወቅም።

ሐ) «ጠለፋ»። ጠለፈ በአገራችን ትግል የእግር ሥራ ነው፤ ለክንድ ካዋልነው ነባሩን ፍቺ እናፈርሳለን። በተጨማሪም ቃሉ ልጃገረድን በኃይል መውሰድን ስለሚያስታውስ ለማስተማሪያነት አይመችም።

መ) «ቁልፍ»። ቆለፈ መገጣጠሚያን ከልኩ በላይ በማጠፍ ለሚያስጨንቁ አያያዞች ሊቀመጥ ይገባል። ክንዱን መያዝና ክንዱን መቆለፍ የተለያዩ ደረጃዎች ናቸው፤ ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት ለተማሪው አደገኛ ነው።

ሠ) «ሽጎጣ»። ሸጎጠ አንድን ነገር በብብት፣ በመቀነት ወይም በጠባብ ስፍራ አስገብቶ መያዝን ያመለክታል። ብብቱም፣ ጥበቱም፣ መደበቁም በአንድ ግስ ውስጥ ይገኛሉ። ከጠበቀ ጥበቃ፣ ከደበቀ ድበቃ እንደሚወጣ፣ ከሸጎጠም ሽጎጣ ይወጣል። «ሽጉጥ» የጦር መሣሪያ ስም ሆኖ ስለ ተለመደ ያንን ቅርጽ ትተን ይህን መርጠናል።

5. ስያሜው በትምህርቱ ላይ

ጥሩ ስያሜ ድርጊቱን ራሱን ያስተምራል። ጀማሪው ዘወትር የሚሳተው በሦስት ነገር ነው፤ ክንዱን ከክርን በታች ይይዛል፣ በደረቱና በተጋጣሚው ደረት መካከል ክፍተት ይተዋል፣ ወይም በክንዱ ጉልበት ብቻ ይታገላል። «ሸጉጠው» የተባለ ተማሪ ግን በብብቱ የያዘው ነገር እንዳይወድቅ ክርኑን ወደ ጎኑ መሰብሰብ እንዳለበት ከቤቱ ያውቃል። አያያዙ ሲጠብቅ ተጋጣሚው ቀና ለማለት ይቸገራል፤ የተያዘውን እጁንም መሬት ተደግፎ መቆም አይችልም። ተማሪው ሹልዳውን ወደ ጎን አዙሮ በእግሮቹ ወደ ማነቅ ወይም ኦሞፕላታ ወደሚባለው የትከሻ ቁልፍ ሊያልፍ ይችላል፤ የዚህ ቁልፍ ስም በፖርቱጋልኛ የትከሻ ጠፍጣፋ አጥንት ማለት ነው። ወደ ማነቁ ሲቸኩሉ ሽጎጣውን የሚያላሉ ብዙዎች ስለሆኑ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት ለአሠልጣኙ ከረጅም ማብራሪያ ይበልጥበታል።

6. ለውይይት የቀረቡ ፍቺዎች

ክንድ ሽጎጣ፦ የተጋጣሚን ክንድ ከላይ ጠምጥሞ በገዛ ብብት ሥር አጥብቆ መያዝ።

ብብት ገብ፦ ክንድን በተጋጣሚ ብብት ሥር አስገብቶ መያዝ፤ አመሠራረቱ እንደ «ሰርጎ ገብ» ነው።

ግርዶ፦ በጀርባ ተኝቶ ተጋጣሚን በእግሮች መካከል ማገድ። «ጋርድ» በአማርኛ የዘበኛ ስም ስለሆነ አይመረጥም፤ «ጋረደ» ግን በድምፅም በፍቺም ይቀርባል።

እጅ መስጠት፦ መሸነፍን መቀበል። በዚህ ስፖርት ተሸናፊው የተጋጣሚውን ገላ ወይም ምንጣፉን በመዳፉ መታ መታ ስለሚያደርግ፣ ነባሩ አነጋገር በቁሙም ይሠራል። ይህን ቃል ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊማረው ይገባል።

«ጁዶ» እና «ጁ ጂትሱ» የተጸውዖ ስሞች ስለሆኑ እንዳሉ ይቆዩ። የድርጊቱ ቃላት ግን ሲታገል ላደገ ልጅ በገዛ ቋንቋው ሊደርሱት ይገባል። የመጨረሻው ፈተና በልምምዱ ቦታ ነው፤ አሠልጣኙ «ሸጉጥ!» ሲል ተማሪው ሳያመነታ ክርኑን ከሰበሰበ ስያሜው ሠርቷል፤ ትርጉሙን ከጠየቀ ግን ፍለጋው ይቀጥላል።