መሀል ሜዳ ላይ ምሰሶ ይቆማል እንዴ?

ጀርመናዊው ማይክል ሹማከር 7 ጊዜ የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ከመሆኑ በፊት የመጀመሪያ ተጋጣሚው የመንገድ መብራት ምሰሶ ነበር። የ4 ዓመት ልጅ ሳለ ግንበኛው አባቱ በፔዳል በምትነዳው መጫወቻ ካርት ላይ ትንሽ ሞተር ገጠመለት። ትንሹ ሹሚ ሄዶ ሄዶ ከምሰሶ ጋር ተላተመ። ወላጆቹም ልጁን ከመንገድ አንስተው ኬርፐን ወደሚገኘው የካርት መወዳደሪያ ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የሹማከርን ምሰሶ ዛሬ ያነሳነው ለጨዋታ ማሳመሪያ አይደለም። ጎ ካርት እ.ኤ.አ. በ1956 በካሊፎርኒያ አርት ኢንግልስ በተባለ የእሽቅድምድም መኪና ሠሪ እጅ ስትወለድ የሜዳ ላይ ጨዋታ ነበረች። ኋላ ግን ዝናቡንና በረዶውን ሸሽታ ጣሪያ ሥር ገባች። ኬ ዋን ስፒድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 በካርልስባድ ከተማ በኤሌክትሪክ ካርቶች ቤት ውስጥ ማወዳደር ጀመረና ወደ ሌሎች ከተሞችም ተስፋፋ። ታዲያ ጨዋታው ቤት ሲገባ የሹማከር ምሰሶም አብሮት ገባ። ብዙዎቹ የቤት ውስጥ መወዳደሪያዎች የድሮ መጋዘኖች ናቸው፤ መጋዘን ደግሞ መሀሉ በምሰሶ የተሞላ ነው።

በአንድ ሰከንድ 16 ከ50

እስቲ በኳስ ቋንቋ እንነጋገር። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የምትበር ካርት በአንድ ሰከንድ ወደ 16.7 ሜትር ትጓዛለች። 16 ከ50 የምንለውን ክልል ከጫፍ እስከ ጎሉ መስመር ዓይን ሳይርገበገብ አለፈችው ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ለሚመጣ የ10 ዓመት ልጅ ምሰሶ እንደማይነቃነቅ ተከላካይ ነው፤ ቢጫ ካርድ ሰጥተህ አታስወጣው ነገር!

ለዚህ ነው አዋቂዎቹ መጀመሪያ መሮጫውን፣ ቀጥሎ ቤቱን የሚነድፉት። 6 ሜትር ስፋትና 300 ሜትር ርዝመት ያለው መሮጫ ኩርባውን ሳይጨምር 1,800 ካሬ ሜትር ይፈልጋል። ሕንፃውን አስቀድመህ አቁመህ መሮጫውን እንደ ቁምሳጥን ዕቃ ልጠቅጥቅ ካልክ ግን የሚገኘው ኩርባ ብቻ ነው፤ ማለፊያ ቦታ የለም፣ ውድድርም የለም።

ብረት እዚህ ላይ ነው የሚመረጠው። ግራና ቀኝ ያሉትን ምሰሶዎች ከጣሪያው አግዳሚ ጋር አጥብቆ በማሰር 30፣ 40፣ እንዲያውም 50 ሜትር ያህል መሀሉ ባዶ የሆነ አዳራሽ መሥራት ይቻላል። ነገርዬው ግን በነፃ አይገኝም። በየሜትሩ ያለው ጭነት እኩል ሆኖ ስፋቱ እጥፍ ሲሆን አግዳሚውን ሊያጎብጥ የሚታገለው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ብረቱም ይከብዳል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። ባለሀብቱ "መሀል ላይ አንድ ረድፍ ምሰሶ ብናቆምስ?" የሚለው ይሄኔ ነው። ግድ ከሆነም ምሰሶው ኩርባ መውጫ ላይ መቆም የለበትም። መከላከያውም ከምሰሶው ጋር ተጣብቆ አይሠራም፤ ሲመታ ሸሸት የሚልበት ክፍተት ካላገኘ ግጭቱን የሚቀበለው የልጁ አንገት ነው።

የትዌንቴ ትምህርት

"ብረት ከሆነ አይወድቅም" የሚል ሰው ኤንስኬዴን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2010 በስቲቭ ማክላረን መሪነት የሆላንድ ሻምፒዮን የሆነው ትዌንቴ ስታዲየሙን እያስፋፋ ሳለ፣ ሐምሌ 7 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. የአዲሱ ጣሪያ ብረት ተደረመሰ። 2 ሠራተኞች ሞቱ፤ ሌሎችም ቆሰሉ። የአገሪቱ የደኅንነት መርማሪ ቦርድ ያገኘው ምክንያት ቀላልና አሳዛኝ ነው፤ መዋቅሩ ገና በደንብ ሳይተሳሰር ጭነት ተጭኖበት ነበር።

የካርት አዳራሽም እንዲሁ ነው። በግድግዳና በጣሪያ ላይ በኤክስ ቅርጽ የሚታሰሩት ቀጫጭን ብረቶች ለዓይን ምንም አይመስሉም፤ ግን ንፋስ ሲገፋ ቤቱን የሚይዙት እነሱ ናቸው። ለካርቶቹ በር ሲፈለግ "ይቺን እንቁረጣት" ማለት ከአራቱ ተከላካዮች አንዱን ያለ ምትክ እንደማስወጣት ነው።

የማይታየው ተጋጣሚ

ሌላው ጉዳይ አየሩ ነው። የቤንዚን ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ሰው ግን ይገድላል። ክብደቱ ከአየር ብዙም ስለማይለይ ጣሪያው ላይ ቀዳዳ ትቶ "ራሱ ይወጣል" ማለት አያዋጣም። ትልልቅ ማራገቢያና የጋዝ መለኪያ ያስፈልጋል። የማራገቢያው ክብደት ደግሞ ጣሪያው ላይ ነውና ገና ከወረቀቱ ጀምሮ መሰላት አለበት። የኤሌክትሪክ ካርት ከዚህ ጭስ ይገላግላል፤ ግን ባትሪ የሚሞላበት ክፍል እሳት በሚከላከል ግድግዳ መለየት አለበት። ብረት አይቃጠልም እንጂ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ግማሽ ያህል ጉልበቱን ያጣል።

በቆርቆሮ ቤት ያደግን ሰዎች ደግሞ አንድ ነገር እናውቃለን። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ጣሪያው ያልባል፣ ጠብ ጠብ ይላል። ቤት ውስጥ ጠብታዋ ፊት ላይ ብታርፍ ተገላብጠን እንተኛለን። ኩርባ ላይ ጠብ ካለች ግን ጎማ ታንሸራትታለች። ከቆርቆሮው ሥር ሙቀት የሚያግድ ንጣፍ የሚገባው ለዚህ ነው፤ የሞተሩንም ጩኸት ያበርዳል።

እንግዲህ ወደ ሹማከር እንመለስ። ያ ልጅ ዕድለኛ ነበር፤ ከምሰሶው ጋር ተላትሞም ለሻምፒዮንነት በቃ። አዳራሽ የሚሠራ ሰው ግን በልጆች ዕድል አይወራረድም። ምሰሶውን የሚያነሳው ወረቀት ላይ ሳለ፣ በላጲስ ነው። ብረቱ ከቆመ በኋላ ማንም አይነቅለውም።