ከምስክር ወረቀቱ በኋላ የተለወጠው

በከተማችን በጎንደር አንድ የአቋቋም ደቀ መዝሙር፣ በየትም ደብር ተምሮ ቢጠነቅቅ፣ በበአታ ለማርያም ምስክር ቤት ቀርቦ ዜማውንና ዝማሜውን ሌላ ሊቅ እየሰማው እንዲያስመሰክር የሚያዝ የቆየ ሥርዓት አለ። በዚህ ሥርዓት አጠገብ ላደግን ለእኛ ኩባንያዎች የሶፍትዌርን ጥራት የሚመዝኑበት መንገድ እንግዳ ይሆንብናል።

እዚሁ ማራኪ አንድ መሥሪያ ቤት የንብረት መመዝገቢያ ፕሮግራም ሲመርጥ ከጎን ተቀምጬ ነበር፤ ኮሚቴው የአቅራቢውን የአይኤስኦ 9001 ወረቀት ማኅተሙን ወደ መስኮት አንሥቶ መረመረና፣ መጋዘን ያልገባ ዕቃ ወጪ ሆኖ ቢመዘገብ ፕሮግራሙ ምን እንደሚል ሳይሞክር ነጥቡን ሞላ። ያ ወረቀት ግን ስለ ድርጅቱ የአሠራር ሥርዓት እንጂ ስለ ፕሮግራሙ የሚመሰክረው የለም።

መራራው ምሳሌ በራሳችን ላይ የደረሰው ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ነፍሳት ያለቁት፣ ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር ከሁለቱ ሴንሰሮች የአንደኛውን የተሳሳተ ልኬት ብቻ አምኖ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ምድር ስለ ደፋው ነው። አውሮፕላኑ የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ምስክርነት አልጎደለውም ነበር። ይሁን እንጂ ለመሥሪያ ቤቱ በቀረበው የደኅንነት ትንተና ሶፍትዌሩ የኋላ ክንፉን በአንድ ጊዜ የሚያዞረው 0.6 ዲግሪ ብቻ ተብሎ ሳለ፣ ኋላ በሙከራ በረራ ወቅት ልኩ ወደ 2.5 ዲግሪ አድጎ ትንተናው እንደ ነበረ ቀረ፤ ከምስክርነት ምርመራውም ብዙው ክፍል በውክልና ለቦይንግ ለራሱ ሠራተኞች ተሰጥቶ ነበር። ተማሪው ለራሱ መሰከረ ማለት ነው!

የመጋቢት 2016 ዓ.ም. የንግድ ባንክ ሌሊትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ደንበኞች በሒሳባቸው የሌለውን ገንዘብ ሲያወጡ አድረው ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ያህል እንደ ወጣበት ሲገልጽ፣ ብሔራዊ ባንክ መነሻው በሲስተሙ ላይ የተደረገ የጥገናና የፍተሻ ሥራ መሆኑን አስታወቀ። ትናንት ደኅና የነበረው፣ በነካኩት ሌሊት ተናጋ።

ስለዚህ ሶፍትዌር የምትገዙ ወዳጆቼ፣ ወረቀቱን ካያችሁ በኋላ፣ ከተሰጠበት ቀን ወዲህ ምን እንደ ተለወጠና የተለወጠውን ከሠሪው በቀር ማን እንደ ፈተነው ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።