ሐዘኑ ዱቡሻ ላይ ይታይ

በመስከረም 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በቡራዩና በአካባቢው በተፈጸመው ጥቃት ቢያንስ 58 ሰዎች መገደላቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል በወቅቱ ገልጾ ነበር። ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ የጋሞና የሌሎች የደቡብ ብሔረሰቦች ተወላጆች ናቸው። በሺዎች የሚቆጠሩት ቤት ንብረታቸውን ጥለው በየትምህርት ቤቱ ተጠለሉ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ለበቀል ገንፍሎ ወጣ። ያኔ የጋሞ አባቶች ለምለም ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። በጋሞ ባህል ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲለምን ረግጦ ማለፍ ነውር ነውና ልጆቹ ቆሙ። አባቶቹ በጉልበታቸው ሆነው ሣሩን ሲዘረጉ የሚያሳየው ምስል ከስልክ ወደ ስልክ ተዛመተ።

ያንን ምስል አገር ያስታውሰዋል። የሞቱትን በስም የሚያስታውስ ግን ከቤተሰቦቻቸው ሌላ ማን አለ? ሽማግሌዎቹን ደጋግመን አመሰገንን፤ ሣር ያስያዛቸውን በደል ግን ረሳን።

በደሉም የዚያ ሳምንት ብቻ አልነበረም። የጋሞ ደጋ ሰው መሬት ሲጠበው መወርወሪያውን ይዞ አዲስ አበባ ከገባ፣ ሽሮ ሜዳ ከሰፈረ ዘመን አልፏል። ከተሜው ለበዓል ጥበቡን ለብሶ ይደምቃል፣ ሸማኔውን ግን በሙያውና በዘሩ ሲያንኳስስ ኖሯል። እዚያው ደጋው ላይም ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ከሌላው እንዳይጋባ ተገልሎ መኖሩን መሸፋፈን አይገባም።

እንዲህ ያለውን ቁስል ሥራዬ ብለው የያዙ አርቲስቶች አሉን። ወላጆቿ ኢትዮጵያውያን የሆኑት፣ በዋሽንግተን ዲሲ የምትሠራው ፀዳዬ መኮንን እ.ኤ.አ. በ2019 «ሰናይት እና ናሆም» የተባለውን ሥራዋን አቀረበች። 50 የብርሃን ሳጥኖች ተደራርበው ሰባት ዓምድ ሠርተዋል። በሳጥኖቹ ገጽ ላይ የኢትዮጵያ መስቀል ሐረግ ተፈልፍሏል፤ ከውስጥ የሚወጣው ብርሃን በሐረጉ ቀዳዳ እያለፈ ግድግዳው ላይ፣ ወለሉ ላይ፣ በቆመው ሰው ልብስ ላይ ያርፋል። ሳጥኖቹ በአሜሪካ በፖሊስ እጅ ለሞቱ ጥቁሮች፣ በተለይም ለሴቶች፣ እንዲሁም በሜዲትራኒያን ባሕር ለሰጠሙ ስደተኞች መታሰቢያ ናቸው። በፖሊስ እጅ የሞቱት ሐዘንና በባሕር የሰጠሙት ሐዘን አንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይበራሉ። እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ድፍረቷ ነው፤ ሟችን በቁጥር ሳይሆን በስም መያዟ።

የታሪክ ጸሐፊው የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የልጅ ልጅ ቴዎ እሸቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 የአክሱም ሐውልትን መመለስ በ15 ስክሪኖች የሚታይ የቪዲዮ ሥራ አድርጎታል። የጣሊያን ፋሺስቶች እ.ኤ.አ. በ1937 የወሰዱት ሐውልት በ2005 ተመልሶ በ2008 ዳግም ቆመ። ድንጋዩ ተመለሰ፣ ተመዘገበም፤ ሰው ሲፈናቀል ግን ይህን ያህል አይመዘገብለትም።

የሚቆጨኝ እነዚህ ሥራዎች የሚታዩበት ቦታ ነው። የፀዳዬ ዓምዶች የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ገብተዋል፤ ይገባቸዋልም። ነገር ግን ቪዲዮ ሙዚየም የግድ አይፈልግም። አርቲስቱ ዕዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2015 የመሠረተው የአዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫል ሥራዎቹን ወደ አደባባይና ወደ ጎዳና አውጥቶ አሳይቷል። ጋሞ ደግሞ ዱቡሻ አለው፤ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ ጠብ የሚዳኝበት ሜዳ። ፕሮጀክተር፣ ጄኔሬተርና በሸማኔ እጅ የተሠራ ነጭ ሸማ ካለ፣ እንደ ገረሴ ባለ የደጋ ከተማ የቡራዩን ሟቾች በስም የሚያስታውስ ቪዲዮ ሌሊቱን ሙሉ ማሳየት ይቻላል።

ገንዘቡ ይገኛል ብዬ አምናለሁ። ከገንዘቡ በፊት ግን የሟቾቹ ቤተሰቦች ይጠየቁ። የልጇ ስም በአደባባይ እንዲበራ የምትፈቅድ እናት ትኖራለች፤ የማትፈቅድም ትኖራለች። የሁለቱም ቃል ይከበር። ቪዲዮውን ለመሥራት የሚነሱ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ካሜራ ከማንሳታቸው በፊት እነዚያ እናቶች ቤት ሄደው ይቀመጡ።