እርጥብ ነጠላ ይዛችሁ ወደሚነድ ቤት አትመለሱ

ሌሊቱን ሙሉ የሕክምና ተረኛ ነበርኩ፤ ሳልተኛ ነው የምጽፈው። ትናንት ማታ እዚሁ መካነ ኢየሱስ ከተማ አንዲት እናት ሁለት እጃቸው ተልጦ፣ ድምፃቸው ጎርንኖ፣ አፍንጫቸው ውስጥ ጥቀርሻ ተጋግሮ መጡ። እሳቱ የተነሣው ከእሳቸው ቤት አይደለም፣ ከጎረቤት ነው። በጊዜ ወጥተዋል፣ ልጆቻቸውንም አውጥተዋል። ከዚያ ነጠላቸውን ውሃ ነክረው፣ አፋቸውን ሸፍነው ተመልሰው ገቡ። «እናቴ፣ ምን ብለው ተመለሱ?» ስላቸው «ነጠላው እርጥብ ነበር እኮ ልጄ» አሉኝ።

ስለዚህ ሰፈር ውስጥ እሳት ሲነሣ ምን እንደሚደረግ በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

1. ነፋሱን እዩ። በበጋ ነፋስ ፍንጣሪ ተሸክሞ ብዙ ቤት ይዘላል፤ የነፋስ መውጫ ከተማ ሰዎች ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ነፋሱ ወደ እናንተ ከሆነ ጭሱ ግቢያችሁ እስኪደርስ አትጠብቁ። እሪታውን እንደሰማችሁ ውጡ።

2. መጀመሪያ ሰው። አራስ፣ አልጋ የያዘ በሽተኛ፣ አዛውንት፣ ሕፃን። ሕፃን ሲደነግጥ ብዙ ጊዜ አይጮህም፣ ይደበቃል፤ አልጋ ሥርና ቁምሳጥን ውስጥ ፈልጉት። የታሰረ ከብት ካለ ገመዱን ቁረጡት እንጂ ለመፍታት አትታገሉ። ስትወጡ በሩን ገጠም አድርጉት፣ አትቆልፉት።

3. አንዴ ከወጣችሁ አትመለሱ።

በየቻናሉ «ጨርቅ አርጥባችሁ አፍና አፍንጫችሁን ከሸፈናችሁ ጭሱ አይጎዳችሁም» የሚል ጽሑፍ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ይህን የሚለጥፍ ሰው አንድ ሌሊት እኔ ዘንድ መጥቶ ቢያድር ደስ ይለኛል። የቃጠሎ ጭስ የምታዩት ጥቀርሻ ብቻ አይደለም። ከጥቀርሻው ጥቂቱን እርጥብ ጨርቅ ሊይዘው ይችላል። ገዳዩ ግን የማይታየውና የማይሸተው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ከሰል አቀጣጥለው፣ በር ዘግተው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይቀማል፤ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበረታል። ነጠላ ቀርቶ ጋቢ አራት አጥፋችሁ ብትነክሩት ያልፋል። የስፖንጅ ፍራሽ ሲነድ ደግሞ ሲያናይድም ይወጣል። ይህን የተነፈሰ ሰው ራሱን ያዞረዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ሃያ ዓመት የገባበትና የወጣበት በር የት እንዳለ ይጠፋዋል። በሰኔ 2009 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የተባለው ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች ሲሞቱ አብዛኞቹን የገደለው ጭሱ ነው፤ ከሟቾቹ መካከል ኢትዮጵያውያንም ነበሩ።

ከላይ ደግሞ የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ አለ። ቤታችን ሁሉ እሱ ነው፣ አውቃለሁ። እሳት ሲነካው እየቀለጠ እንደ ሰም ይንጠባጠባል። የእኚህ እናት የግራ እጅ አንጓ ላይ ቀልጦ የተጣበቀ ቁራጭ አገኘሁ፤ አቀዘቀዝኩት እንጂ አልነቀልኩትም፤ ቢነቀል ቆዳው አብሮ ይነሣል።

ምን ሊያወጡ ገቡ? የመሬት ደብተር። «ከተቃጠለ ማን ይሰጠኛል?» አሉኝ። መዝገቡ እኮ መንግሥት ዘንድ አለ፤ ደብተሩ ቢነድ መሬቱ የእሳቸው መሆኑ አይነድም። ይህን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት፤ ፍርሃታቸው እውነት ነዋ። እኔ የተማርኩ የምባለው፣ አንድ የትምህርት ማስረጃ ጠፍቶብኝ ምትክ ለማግኘት ወራት ተመላልሻለሁ። ከፖሊስ ደብዳቤ አምጣ፣ በጋዜጣ አሳውጅ፣ ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ መዝገብ ቤቱ ቁልፍ ነው፣ ሰኞ ተመለስ። መዝገቡ መሥሪያ ቤቱ እጅ ላይ ነበር! አይቶ መጻፍ ብቻ ነው የቀረው። ሕዝብን ለአንዲት ወረቀት እንዲህ የሚያንከራትት መሥሪያ ቤት ሁሉ ሰው ወደ እሳት ሲመለስ እጁ አለበት። ለተቃጠለበት ሰው ምትክ በሳምንት መስጠት ምን ያቅታል?

ደብተሩን ለካ ትልቁ ልጃቸው ቀድሞ በብብቱ ሸጉጦ አውጥቶት ኖሯል። በግርግሩ እናትና ልጅ አልተነጋገሩም።

እንግዲህ ዛሬውኑ የመሬት ደብተር፣ ካርታ፣ መታወቂያ፣ የልደት ካርድ፣ የትምህርት ማስረጃና የጤና መድኅን ደብተር በአንድ ፌስታል ገብተው በር አጠገብ ይሰቀሉ። የስኳር፣ የግፊት ወይም የአስም መድኃኒት የሚወስድ ካለ የጥቂት ቀን ይጨመርበት። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ በቴሌግራም ለራሳችሁ ላኩት። ፌስታሉን የሚይዘው ሰው በስም ይታወቅ፣ ሲያወጣውም «ይዣለሁ!» ብሎ ይጩህ። የምትገናኙበት ቦታም አንድ ይሁን፤ እዚያ ሆናችሁ ተቆጠሩ።

ሶፋና ቁምሳጥን መጎተት ይቅር። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ የመንገዱ ጥበትና የሰዉ መጨናነቅ ለእሳት አደጋ መኪኖች ምን ያህል እንቅፋት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። የእኛ ሰፈር መተላለፊያ አንድ ቁምሳጥን ይዘጋዋል። በዚያው መተላለፊያ ዳር ቤንዚን በሃይላንድና በጀሪካን ቤታችሁ አስቀምጣችሁ የምትሸጡ፣ የጎረቤቶቻችሁን ልጆች አስቡ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

939ንም እዚህ ለእኛ አትለጥፉልን፤ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ ስልክ ነው። የከተማችሁን ፖሊስና የቀበሌውን ቁጥር መዝግቡ።

ጭስ የዋጠ ሰው ደግሞ ድምፁ ከጎረነነ ወይም አክታው ከጠቆረ «ደህና ነኝ» ቢልም አምጡት። ጉሮሮ ቀስ እያለ ነው የሚያብጠው፤ ማታ ሲያወራ የነበረ ሌሊት ሊታፈን ይችላል።

ቃጠሎ ላይ ኮልጌት፣ ቡና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ጭቃ አትቀቡ። ስንቴ ልንገራችሁ? ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ አምጡ። ቀለበትና አምባርም እጁ ሳያብጥ ወዲያው ይውለቅ። የእኚህን እናት የቃል ኪዳን ቀለበት ትናንት ሌሊት ቆርጠን ነው ያወጣነው።