ዶሮዋ አትጾምም

የደብረ ዘይት እሑድ ነበር፤ የሁዳዴ እኩሌታ። ቱሉ ዲምቱ የሚኖሩ አንዲት እናት ደወሉልኝና «ዶክተርዬ፣ ከቅዳሴ መልስ ብቅ በይልኝ። በሽታ አይደለም፤ ጭንቅ ነው» አሉ። ሄድኩ። ወደ ዶሮ ቤቱ ይወስዱኛል ስል እጄን ይዘው መኝታ ቤት አስገቡኝና የአልጋ ልብሱን ጫፍ ገለጥ አደረጉት። ከአልጋው ሥር ትሪ በትሪ ላይ ተነባብሯል። አሥራ አንድ ትሪ፤ 330 እንቁላል።

«ሃያ አራቱም ጤነኞች ናቸው፤ አንዷም አልለገመች» አሉ፣ ክስ በሚመስል ድምፅ። ከዚያ ዝግ ብለው፣ «ልጄ፣ እስከ ፋሲካ የምታስቆምልኝ መርፌ የለሽም?»

በአቃቂ ቃሊቲ መንደሮች የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኜ ስዞር «እንቁላል አነሰ፣ መድኃኒት ስጪኝ» መባል የዕለት እንጀራዬ ነው። በዛብኝ ተብዬ መርፌ ስጠየቅ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሳቄን ዋጥኩት፤ የሴትዮዋ ሒሳብ የሚያስቅ አልነበረምና። ሃያ አራት ዶሮ በቀን ሃያ ገደማ ይጥላሉ። የሚበሉት መኖ በቀን ወደ ሦስት ኪሎ ይጠጋል፤ ጾም ገባ ብለው አንድ ፍሬ አይቀንሱም። ገዢው ግን ለ55 ቀን እንቁላል አያይም። ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩበት፣ የነቢያት፣ የሐዋርያትና የፍልሰታ ጾም ሲጨመሩበት፣ በአንድ የኦርቶዶክስ ቤት ወጥ ቤት እንቁላል የማይሰበርበት ጊዜ ግማሽ ዓመት ገደማ ይሆናል። ቦቫንስ ብራውን የተባለችው ዶሮ ሆላንድ፣ ሎማን ብራውን ደግሞ ጀርመን ተመርጠው የወጡ ዘሮች ናቸው። መራጮቹ ስለ እንቁላል ቁጥር፣ ስለ ቅርፊት ጥንካሬ፣ ስለ መኖ ቁጠባ አስበዋል። ባሕረ ሐሳብ ግን አልተማሩም።

ከቢሾፍቱ ትልልቅ እርባታዎች እንቁላል ጭነው በቃሊቲ በኩል ወደ ከተማ የሚገቡት መኪኖች በሁዳዴም አይቆሙም፤ ሆቴልና ኬክ ቤት ደንበኛ አላቸው። የእኚህ እናት ደንበኞች ግን የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ጾም ያልደረሱ ልጆች ያሏቸው፣ ጴንጤ ጎረቤቶች፣ ሙስሊም ጎረቤቶች። በ2016 ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰሞን ሲገቡ እንኳ የማታው ገበያ እንዳዳናቸው አጫውተውኛል። ዘንድሮ እሱም አልበቃ ብሎ ነው እንቁላሉ አልጋ ሥር የገባው።

መርፌ እንደሌለኝ ነገርኳቸው። እንቁላሉን ውሃ አያስነኩት፤ ሲታጠብ ቀዳዳዎቹን የሚሸፍነው ስስ ነገር ይሄድና ቶሎ ይበላሻል። ሾጣጣው ጫፍ ወደ ታች ይሁን። ኬክ ቤት ዞር ዞር ብለው ይጠይቁ። መኖ ግን አደራ እንዳይቀንሱ፣ መብራቱንም እንዳያጠፉ። ከፋሲካ በኋላ ረቡዕና ዓርብም የማይጾምበት ሃምሳ ቀን አለ፤ ያኔ ይክሱዎታል አልኩ። «እሺ» አሉ። በእኛ አገር «እሺ» ስንት ትርጉም እንዳለው ትምህርት ቤት ሳለሁ ማንም አላስተማረኝም።

የመብራቱን ነገር ላብራራ። እንቁላል ጣይ ዶሮ አቅሟን አሟጥጣ እንድትጥል በቀን ወደ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። እኛ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ነንና ፀሐይ ክረምት ከበጋ ከ12 ሰዓት ብዙም አትርቅም። ቀሪውን አምፖል ይሞላል፤ አምፖሉን ካርድ ቆጣሪው ይሞላል፤ ቆጣሪውን ደግሞ ባለቤቱ ይሞላል። መብራት ሲጠፋ ሻማ ይዘው ዶሮ ቤት የሚቀመጡ ሰው አውቃለሁ። «ብቻቸውን ከሚጨልምባቸው» ይላሉ።

ከሁሉም የማይረሱኝ ግን ከፋብሪካ ሰዓት ተቆጣጣሪነት ጡረታ የወጡ አንድ አባት ናቸው። አቃቂ የፋብሪካ አገር ነው፤ ጡረተኛው ብዙ ነው፤ ጡረተኛ ደግሞ ዶሮ ይወዳል። እኚህ ሰው አምስት ዶሮ ይዘው የአቴንዳንስ ደብተር ከፍተውላቸዋል። ገለጡልኝ። «ቀይዋን ተመልከቺ። ሰኞ አንድ ተኩል፣ ማክሰኞ ሁለት ተኩል፣ ረቡዕ አራት ሰዓት፣ ሐሙስ ስድስት፣ ዓርብ ስምንት። ቅዳሜ የለችም። ያለ ፈቃድ!» የቅዳሜዋን እንቁላል የጎረቤት ልጅ ወስዷታል ብለው ጠርጥረው ቁልፍ አስገጥመዋል።

ልጁ ንጹሕ ነበር። አንድ እንቁላል ተሠርቶ እስኪወጣ 25 ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ከዚህ ውስጥ 20 ሰዓት ገደማው ቅርፊቱ የሚለበስበት ነው። ቀን ግን 24 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ዶሮዋ በየቀኑ እየዘገየች፣ እየዘገየች ትሄድና አንድ ቀን ወደ ማታ ሲገፋባት ትዘላለች፤ በማግስቱ ጠዋት እንደ አዲስ ትጀምራለች። ይህን ስነግራቸው ደብተሩን እያዩ ብዙ ዝም አሉ። «እንግዲያው ጥፋቱ የቀኑ ነው» አሉ በመጨረሻ፤ ቁልፉን ግን አላነሱትም። ሸለምጥማጥም አለና አልተከራከርኳቸውም።

አምና ብልጠት መስሎኝ ለብዙ ቤተሰብ አንድ ምክር ሰጥቼ ነበር። ቄብ መጣል የምትጀምረው በ18 እስከ 20 ሳምንቷ ነው፤ ስለዚህ ከፋሲካ 20 ሳምንት ወደ ኋላ ቁጠሩና ጫጩት ግዙ፤ ሁዳዴውን ልጅ ሆና ታሳልፈዋለች አልኩ። ወረቀት ላይ ያማረ ነበር። ሲቆጠር ግን የሚያርፈው ኅዳር ላይ ነው። የአቃቂ ሜዳ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ለሚያውቅ ሰው ቀሪውን መናገር አያስፈልግም። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያ ሳምንቷ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትሻለች። ጾሙን ሸሽተን ውርጭ ላይ ወደቅን።

በዚያ ሰሞን ስልኬ የሚጮኸው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ነበር። «ዶክተር፣ መብራት ሄደ።» አንድ ቤት ደርሼ ሳይ ሃምሳ ጫጩት መኝታ ቤት ገብቷል፤ ልጆቹ ሳሎን ወጥተዋል፤ ባልና ሚስት በፕላስቲክ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ እየሞሉ በጨርቅ ይጠቀልላሉ። ከሰል ሊያስገቡ ሲሉ ነው የደረስኩት። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ በተዘጋ ቤት የተቀመጠ ከሰል ጫጩቱንም ባለቤቱንም ያፍናል። ዙሪያውን ጭድ የታጨቀ ሳጥን መሥራት ይሻላል፤ የገዛ ሙቀታቸው እዚያው ይቆይላቸዋል። ቴርሞሜትር የሌለው ደግሞ ጫጩቶቹን ይመልከት፤ ከተደራረቡ በርዷቸዋል፣ ከሙቀቱ ሸሽተው ክንፋቸውን ከዘረጉ አቃጥሏቸዋል፣ ተበታትነው ከተኙ እርስዎም ይተኙ። ባልየው ይህን ሰምተው ሌሊቱን ሙሉ ሲያዩዋቸው አደሩ። ጫጩቶቹ ተኝተዋል።

ብልጠቴ የከሸፈው በሰው ቤት ብቻ አይደለም። እኔም የተሞኘሁበት አለ። አንድ የበዓል ዋዜማ፣ ሲመሽ፣ ከአንድ ነጋዴ በካርቶን አሥር ቄብ ገዛሁ። ባለሙያ ነኝና ካርቶኑን በደንብ ከፍቼ አላየሁም፤ ገበያ መሃል ዶሮ እያገላበጥኩ መታየት አላማረኝም። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ ሐኪሟን ለመጣል ግን መጫኛም አላስፈለገም። ከአሥሩ ሰባቱ ወር ሳይቆዩ ኩኩሉ ማለት ጀመሩ።

ጎረቤቴ የሌሊት ተረኛ ሠራተኛ ናት፤ ንጋት ላይ ነው የምትተኛው። ይቅርታ ልጠይቃት ሄጄ፣ እግረ መንገዴን፣ ዶሮ የሚጮኸው ብርሃን አይቶ ብቻ ሳይሆን በውስጡ ባለ ሰዓት እንደሆነ በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማሳየታቸውን ነገርኳት። እንዲያውም መጀመሪያ የሚጮኸው የመንጋው አለቃ ነው፤ ሌሎቹ በማዕረጋቸው ተራ ይከተላሉ። «ጥሩ» አለች፣ «እንግዲያው አለቃውን እረጂልኝ።» ተመራማሪዎቹ ይህንንም ሞክረውታል፤ አለቃው ሲነሳ ምክትሉ ቦታውን ይይዛል። በሰባት እሑድ ሰባቱንም አወረድኩ። በየጊዜው ወጥ ላኩላት፤ ፈረሰኛውም ለእሷ ነበር። አሁን ሰላም ነን።

የክትባት ቀን ደግሞ ሌላ ትርኢት ነው። ፈንግል የምንለው በሽታ፣ በእንግሊዝ ከተማ ስም ኒውካስል ተብሎ የተመዘገበው፣ መንደር ከገባ ቆጥ ባዶ ያደርጋል። ክትባቱን እዚሁ ቅርባችን ቢሾፍቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል፤ መድኃኒቱ አልጠፋም። ችግሩ ቁጥር ነው። በእጄ ያለችው ብልቃጥ ለመቶ ዶሮ ትበቃለች፤ የጠራችኝ ሴት ያላት ስድስት ነው። ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ደግሞ ይደፋል። ስለዚህ ልጆች በየበሩ ይላካሉ፤ ሰፈሩ ዶሮውን በብብቱ ሸጉጦ ይሰለፋል። አንዷ ካመለጠች ሰልፉ ሁሉ ይበተናል፤ የሚሳደብ፣ የሚስቅ፣ ጥሬ የሚበትን ይበዛል። እኔ ጠብታውን ይዤ ሰዓቴን አያለሁ።

ብዙ ዶሮ ላላቸው በሚጠጡት ውሃ እንሰጣለን። የቧንቧ ውሃ ግን ክሎሪን አለው፤ ክትባቱን ይገድለዋል። መላው ቀላል ነው፤ ትንሽ ስብ የሌለው የዱቄት ወተት ውሃው ላይ መበጥበጥ። በሁዳዴ አንዲት ባለ ዶሮ ቤት ይህን ስል ሴትየዋ ማንኪያውን አስቀመጡ። «በዚህ ጾም? ወተት?» ለዶሮዎቹ እንደሆነ አስረዳሁ። አሰቡ። «አንቺ በጥብጪው» አሉ፣ «የኔ እጅ አይንካው።» በጠበጥኩ። ፊታቸውን አዙረው ቆዩና ሲያልቅ ባልዲውን ራሳቸው ተሸከሙልኝ።

አንድ ቀን ደግሞ ገላን ካለ አንድ ቤት ባል በድንጋጤ ደወለ፤ «ሚስቴ ዶሮዎቹን በርበሬ አበላቻቸው!» ነገሩ እንዲህ ነው። ደንበኛ የሀበሻ እንቁላል ይወዳል፤ አስኳሉ ቀይ ነዋ። በፉርሽካና በነጭ በቆሎ ያደገች ዶሮ አስኳል ገርጣ ይላል። ሴትየዋ ብልህ ናት፤ ከወፍጮ ቤት የተረፈ በርበሬ መኖው ላይ ነሰነሰች። ስደርስ ዶሮዎቹ ገንዳውን ጠርገው ተጨማሪ ይጠብቃሉ። ወፎችን በርበሬ አያቃጥላቸውም፤ እኛን የሚለበልበን ነገር በእነሱ ዘንድ ስሜት የለውም። ቀለሙ ግን በእውነት ወደ አስኳሉ ይሄዳል። ባልየው ሲረጋጋ «ታዲያ ግማሽ ወጥ ሆኖ ነው የሚወጣው» አለ። እኔ የፈራሁት ማቃጠሉን ሳይሆን ከበርበሬው ጋር የተፈጨውን ጨው፣ ከዚያም በላይ የሻገተ በርበሬ የሚያመጣውን መርዝ ነበርና ጎመንና ቢጫ በቆሎ ይሻላል ብዬ ወጣሁ። «እሺ» አለች።

ወደ ቱሉ ዲምቷ እናት ልመለስ። ቅዳሜ ሹር ጠዋት ደወሉ። «ነይና እዪ» ብቻ ነው ያሉኝ። በሩ ላይ አምስት ስድስት ሴቶች ባዶ ትሪ ይዘው ይጠብቃሉ። አልጋ ሥር የነበረው አብዛኛው ተሸጧል፤ የቀረውን ውሃ ውስጥ ከተን፣ የሰጠመውን አስቀርተን የተንሳፈፈውን ደፋን። ከዚያ ዶሮ ቤት ገባን።

ወለሉ ላባ ነው። ሃያ አራቱ ዶሮዎች አንገታቸው ተራቁቶ፣ ጭራቸው ረግፎ፣ ቆጡ ላይ ተኮራምተዋል። የእንቁላል መጣያው ሣጥን ባዶ ነው። ጠየቅኳቸው። ከደብረ ዘይት ማግስት ጀምሮ መኖውን በግማሽ ቀንሰዋል፤ አምፖሉንም ነቅለዋል። ዶሮ መኖና ብርሃን አብረው ሲጎድሉባት ክፉ ዘመን የመጣ ይመስላታል፤ መጣል ታቆምና ላባዋን ታራግፋለች። መኖው ዛሬ ቢስተካከልላት እንኳ ላባ ለብሳ፣ ሥጋዋ ተመልሶ፣ እንደገና እስክትጥል ወር ከግማሽ፣ ሁለት ወር ይፈጃል።

«አይጾሙም ብለሽኝ ነበር» አሉ፣ ራቁት አንገቶቹን እያዩ። «ይኸው፣ ዘግይተው ያዙት።»

መቼ እንደሚመለሱ ልነግራቸው በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ። ዳግማይ ትንሣኤ፣ ርክበ ካህናት፣ ዕርገት። ጣቴ ጰራቅሊጦስ ላይ ሳይደርስ ቀደሙኝ።

«የሰኔ ጾም!»